ሰም የጠጣው ቅጠል

ሜትሮን ከውሃ ያወጡት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከመለኪያው ምሰሶ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ቄጠማው ውስጥ፣ በደረቱ ተደፍቶ ነበር። ያገኘው የገዛ እህቱ ልጅ፣ ጀልበኛው ነው። ማጅራቱ ላይ መዳፍ የሚያህል ቁስል አለው። «አዳልጦት ወድቆ ነው» የሚሉ አልጠፉም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በቀን ሁለቴ የወረደበት ደረጃ አዳለጠው! የሚያዳልጣቸውስ የራሳቸው ምላስ ነው።

ሜትሮ ያልነው ሥራው ውሃ መለካት ስለነበረ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ወንዙ ዳር ይወርዳል፤ ምሰሶው ላይ ከተቀቡት ቁጥሮች ውሃው የደረሰበትን አይቶ ይጽፋል። ዶፍ ይውረድ፣ በረዶ ይጣል፣ እሱ እዚያው ነው።

የሚጽፍበትን ወረቀት የምሠራው እኔ ነኝ። እትዬ ሰም ይሉኛል። ሉኩን በሁለት ጫፉ ይዤ ትሪ ውስጥ በቀለጠ ሰም ላይ አንሳፍፈዋለሁ፤ እንደወጣ ሳይበርድ በጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ ከዚያ ነጭ የድንጋይ ዱቄት አሽቼበት ገመድ ላይ አሰጣዋለሁ። ሰሙ ከበዛ እርሳስ ያንሸራትታል። ካነሰ ውሃ ይጠጣል። ልኩን ጣቴ ያውቀዋል። ማንም ጽፎ አልሰጠኝም፤ ቢሰጠኝም ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። የዓሣ ሣጥን ላይ የሚታሰረው ምልክት፣ የችግኝ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው፣ መንገድ ቀያሾች ዝናብ ላይ የሚዘረጉት ካርታ፣ ሁሉም ከእኛ ሥራ ቤት ነው የሚወጣው። የሜትሮን ደብተር ግን ከእኔ ሌላ ማንም አይሰፋውም። አልፈቅድማ!

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ ቀጭን፣ ጉንፋን የያዘው ልጅ ጫማው እየተንቦጫረቀ ገባ። መርማሪ ነኝ አለ።

«እትዬ ሰም የሚሏቸው እርስዎ ነዎት?»

«የመጣህበትን ጠይቅ፤ ሰሙ እየበረደብኝ ነው።»

«ባለፈው ዓመት ገበያ መሃል ሟቹን ‹ያው ውሃ ይብላህ› ብለው ረግመውታል ይባላል።»

«ይባላል የለም። ብዬዋለሁ። አሥር ሰው ሰምቷል። ዘጠኝ ካሉህ አንዱ ደንቆሮ ነው።»

ሳቁን በማስነጠስ ሸፈነው። «ትናንት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«እዚችው በርጩማ ላይ። ስድስት ሴቶች ዝናቡ እስኪያባራ አብረን ተቀምጠናል። ጠይቃቸው። አይወዱኝም፤ ስለዚህ አይዋሹልህም።»

«ለምንድን ነው የረገሙት?»

ይህን ሲጠይቀኝ እጄ ትሪው ላይ ቆመ። ቢሆንም ነገርኩት።

ከዓመት በፊት አንድ ዓርብ ውሃው ሳይታሰብ መጣ። የታችኛውን ሰፈር ጠራርጎ ሄደ። የእኔ ቤት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ በሬን ሰብሮ፣ አልጋዬን አርሶ ተመለሰ። ታናሽ እህቴን ግን እዚያው ታች፣ ቤቷ በር ላይ የተሰጣ ልብስ ስትሰበስብ ወሰዳት። እናታችን ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እኔ ነኝ ያሳደግኳት። ውሃ ሲሞላ ሜትሮ በስልክ ለአለቃው ይነግራል፤ አለቃው ቢሮው ጣሪያ ላይ ያለውን ደወል ያስደውላል። ያን ቀን ደወሉ አልተደወለም። አለቃው «ሜትሮ አልደወለልኝም፤ ተኝቶ ነበር» አለ። አገሩ አመነው። ክራቫት ያሰረ ሰው መቼ ይዋሻል!

ሜትሮ እኔ ጋ መጣ። «ደውያለሁ» አለኝ።

«በወረቀት አሳየኝ» አልኩት። ማንበብ ለማልችለው!

«ወረቀቱ አለ» አለ። «ለአንቺ ግን አላሳይም።»

ያኔ ነው የረገምኩት።

ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ፂሙን ተላጭቶ ይመጣል። የሚፈልገው ዕቃ የለም። በሩ ላይ ይቆማል። እኔ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ። ሲሄድ ግን ኮቴውን እቆጥር ነበር። እስከ ድልድዩ ሠላሳ ስምንት እርምጃ ይሰማኛል። ከዚያ ወዲያ የወንዙ ድምፅ ይውጠዋል። አሁንም ቅዳሜ ሲሆን ጆሮዬ ይቆጥራል፤ ምን ላድርገው!

«ይወዱት ነበር?» አለኝ ልጁ።

«አንተ የመጣኸው ለምርመራ ነው ለሽምግልና?»

አንገቱን ደፍቶ ወጣ። አንድ ጊዜ አግቢኝ ብሎኝ ነበር፤ ያን ለፖሊስ አልናገርም። እህቴ ትደግ አልኩት። አደገች። ድጋሚ አልጠየቀኝም፤ እኔም አላስታወስኩትም። እሱ ጨዋ፣ እኔ ኩሩ፤ እንዲሁ ሸበትን።

በማግስቱ ረቡዕ መርማሪው ተመልሶ መጣ። ከፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ የሜትሮን ደብተር አወጣ። የሰፋሁት በሰማያዊ ክር ነበር።

«ወንዙ ዳር ባለችው የቆርቆሮ ክፍል፣ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት» አለ። «ጣሪያው ያፈሳል። ሲንጠባጠብበት አድሮ አንድ ፊደል አልጠፋበትም። ገርሞኝ ነው የመጣሁት።»

«ይግረምህ። ጀልበኛውን ለምን አሰራችሁት?»

«ሰምተዋል?»

«ከተማው እኮ የመሐረብ ስፋት ነው።»

ቁጭ አለና ተነተነልኝ። ደብተሩ ላይ የመጨረሻው ጽሑፍ ሰኞ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ይላል፤ ቁጥሩ ሁለት ሜትር ከአርባ ነው። ስለዚህ ሜትሮ እስከ አሥራ ሁለት በሕይወት ነበር። ከዚያ በኋላ ወንዙ ዳር ብቻውን የቀረው ጀልበኛው ነው። እሑድ ዕለት ከአጎቱ ጋር ሲጨቃጨቁ ሰው አይቷል። የጀልባው ሰንሰለት ቁልፍ የተገኘው ደግሞ ሟቹ ኪስ ውስጥ ነው።

«ጎሽ» አልኩት። «አሁን ደብተሩን አምጣው።»

እጄን በጨርቅ ጠርጌ ተቀበልኩት። እኔ ደብተር ስሰፋ አሥር ሉክ አጥፌ ሃያ ቅጠል አደርጋለሁ። ሁለት ዓመት ያገለግለዋል። እያንዳንዱ ቅጠል ከክሩ ወዲያ ማዶ ወንድም አለው። በአውራ ጣቴ ቆጠርኩ። ደገምኩ።

«አሥራ ዘጠኝ ነው። አንዱ ተቀዷል።»

«አይታይም እኮ!»

«ለዓይን አይታይም። ወንድሙ ግን ላልቷል፤ እየው፣ እንደሚወልቅ ጥርስ ሲነቃነቅ። የምን ቀን ነው የጎደለው?»

ገለጠ፣ መለሰ፣ ገለጠ። ጆሮው ቀላ። «ያ ዓርብ ያለበት ወር የለም» አለ። «ጎርፉ የመጣበት ዓርብ።»

ሰሙ ብቻ ትሪው ላይ ይንተከተካል።

«ሌላም አለ» አልኩት። «ጣትህን ስጠኝ። ይሄን መስመር ዳብስ። ይሄንንም። አሁን የመጨረሻውን።»

«የመጨረሻው ልስልስ ይላል።»

«ሜትሮ ደብተሩን ምሰሶው ላይ አስደግፎ ነው የሚጽፈው። ምሰሶው ሻካራ ሲሚንቶ ነው፤ እርሳሱ በተጫነ ቁጥር ሻካራው ከሥር ይወጣል። ‹ቁጥሩን አይቼ አንድ እርምጃ ከሄድኩ ይጠፋብኛል› ይል ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲያ ነው የጻፈው። ይቺ የመጨረሻዋ ጠረጴዛ ላይ የተጻፈች ናት።»

ገጹን መስኮቱ ላይ አንስቶ አየው። መስመሮቹ ሁሉ ነጠብጣብ ናቸው። የመጨረሻው ብቻ ጥርት ያለ ነው።

«ክፍሏ ውስጥ ጠረጴዛ አለ» አለ እያመነታ። «ዝናብ ስለነበረ ገብቶ ጽፎ ይሆናላ?»

«ዝናብ! ዝናብ የሚፈራ ቢሆን እኔ ሠላሳ ዓመት በሰም ለምን ተቃጠልኩ? ይሄ ወረቀት ለምን የተሠራ ይመስልሃል?»

አስነጠሰና ተነሳ። እኔም ሻርፔን ደርቤ ተነሳሁ። «እርስዎ የት?» አለኝ። «የምትሄድበት» አልኩት።

ጀልበኛው ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል። ሲያየኝ ዓይኑ ሞላ።

«እትዬ፣ እኔ ገደልኩት አሉኝ እኮ!»

«አንተ ዓሣ ሲሞት የምታለቅስ!»

«አላለቅስም!»

«አሁን ማን ነው የሚያለቅሰው ታዲያ?»

መርማሪው ጉሮሮውን ጠረገ። «ስለ ሰንሰለቱ ንገረኝ።»

«ውሃ ሲበዛ አትሻገር ብሎ ቆለፈብኝ። እሑድ የተጨቃጨቅነው ለዚያ ነው። ሰኞ ጠዋት ራሱ መጥቶ ፈታልኝ፤ ቁልፉ እሱ ኪስ ቀረ። ዝናቡ እስኪጀምር፣ እስከ አሥራ አንድ ተኩል፣ ሰው ሳሻግር ነበር። ማዶ ላይ አንድ አጎንብሶ የሚሄድ አናጢ አለ፤ የመጨረሻው ተሻጋሪ እሱ ነው። ጠይቁት።»

«አሥራ ሁለት ላይ ውሃው ምን ያህል ነበር?»

«እንዴት ያለ ነገር! ዝናቡ ከላይ ተጠራቅሞ ወረደ። አሥራ ሁለት ሲሆን ከማሰሪያዬ ደረጃ ሦስቱን ውጦታል።»

«ደብተሩ ላይ ግን ጠዋትም ሁለት ከአርባ፣ ማታም ሁለት ከአርባ ነው።»

ጀልበኛው እያለቀሰ ሳቀ። «አጎቴ? አጎቴን ሦስት ደረጃ ውሃ ሊያመልጠው? አንድ ጣት ሲጨምር እንኳ እንቅልፍ የሚያጣውን!»

መርማሪው ወደ እኔ ዞረ። ያቺን መስመር የጻፈ ሰው ውሃው ሳይሞላ፣ ከዝናቡ በፊት ነው የጻፋት። ሜትሮ የሞተውም ያኔ ነው። ያን ሰዓት ጀልበኛው ወንዙ መሃል፣ ሰው ጭኖ ነበር።

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አየኸው?» ብሎ ጠየቀው።

«አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ። ምሰሶው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ‹ሰው እጠብቃለሁ› አለኝ። ከዚያ ደግሞ...» ጀልበኛው እኔን አየ። «ተላጭቶ ነበር፣ እትዬ። ሰኞ ዕለት።»

ግድግዳውን አየሁ። ግድግዳው ላይ ምንም አልነበረም።

የአለቃው ቢሮ ደረቅ ነው። መስኮቱ አይከፈትም፤ ወለሉ በሰም ተወልውሏል፤ ይሄኛው ግን የእኔ ሰም አይደለም። ጠረጴዛው ላይ ትልቅ መዝገብ፣ የቀለም ብዕር፣ መምጠጫ ወረቀት። ሰውየው ቆሞ ተቀበለን።

«እናት፣ ይቀመጡ። ሐዘኑ የሁላችን ነው።»

«መቆም ይሻለኛል» አልኩት። «ወለልህ ያስፈራል።»

መርማሪው ጠየቀው፤ እሱም ሳይደናቀፍ መለሰ። ሰኞ ከአሥራ አንድ ተኩል ጀምሮ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ስብሰባ ላይ ነበር፤ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት፤ አርባ ሰው ይመሰክራል። ቢሮውን ቆልፎ፣ ቁልፉን ይዞ ነው የሄደው። ሜትሮን ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገረው ሰኞ ጠዋት በስልክ ነው።

«ስለ ጎርፉ የሚያጣራ ኮሚቴ ቅዳሜ ይመጣል አሉ?»

«ይመጣል። አሁን ማንን ይጠይቅ? ባለጉዳዩ ሄደ።»

«ከደብተሩ አንድ ቅጠል ጎድሏል።»

አለቃው መነጽሩን አወለቀና አበሰው። «ኪሱ ውስጥ ከትቶት ውሃ ገብቶ ይሆናል። ውሃ የገባ ወረቀት ደግሞ ምን ይቀረዋል? ሟሙቶ ያልቃል።»

ምላሴን ነከስኩ። እኔ ምላሴን የነከስኩበትን ቀን በጣት መቁጠር ይቻላል።

መርማሪው መዝገቡን «ልየው?» ብሎ ወደ ራሱ አዞረው። ገጹ ሁሉ በቀለም ተሞልቷል፤ እንደታረሰ ማሳ ቀጥ ቀጥ ያለ፤ አንድ ባዶ መስመር የለበትም። አንዱ ቦታ ላይ ቆየ። አስነጠሰ። ዘጋው።

ወጥተን ደረጃው ላይ ስንደርስ ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን ሆኑ?»

«ሠላሳ ዓመት በፊርማው የሚያዘው ወረቀት ምን እንደሆነ አያውቅም! ነክቶት አያውቅማ! ቁጥሩ በስልክ ይነገረዋል፣ እሱ በደረቅ ቤት በቀለም ይገለብጣል። ስማኝ ልጄ። ጀልበኛው ቢሆን ያን ቅጠል ያቃጥለዋል። ዓሣ ሻጮቹም ያቃጥሉታል። ወረቀቴን የሚያውቅ ሰው በውሃ አጠፋዋለሁ ብሎ አይሞኝም። ይሄ ሰው ግን አዳራሽ ለመሄድ ድልድዩን ነው የሚያልፈው።»

«ወንዝ ውስጥ ወረወረው?»

«ወረወረው። ወረቀቴ ደግሞ አይሟሟም፣ ቶሎም አይሰጥምም። ወንዙ ጥራጊውን የት ነው የሚያስቀምጠው?»

ሐሙስ ጠዋት ከከተማው በታች ያለው የውሃ መሳቢያ ሞተር ቤት ሄድን። ቧንቧው አፍ ላይ ወፍራም የብረት ፍርግርግ አለ፤ ወንዙ ያመጣው ቅጠል፣ ጠርሙስ፣ ያረጀ ጫማ እዚያ ይታገዳል። ሞተሩ ሙሉ ቀን ስለሚጮህበት ሞተረኛው መጮህ ለምዷል።

«ምን ወረቀት?» አለ ጮሆ።

«የደብተር ቅጠል!» ጮኸ መርማሪው። «የተጻፈበት!»

«ክብሪቴን ነው የምትለው?»

ከደረት ኪሱ አንድ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። «ማክሰኞ ጠዋት ፍርግርጉን ስጠርግ ተጨምድዶ አገኘሁት። ስዘረጋው ውስጡ ደረቅ! እዚህ ቤት ደረቅ ነገር አይተህ ታውቃለህ? ክብሪቴን ጠቀለልኩበት። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ እንጨት አልከሸፈብኝም። የማን ሥራ ነው?»

«የእኔ» አልኩት።

«እጅሽ ይባረክ!»

መርማሪው ክብሪቱን መልሶለት ቅጠሉን ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። ሰሙ በተጨማደደበት ነጭ ነጭ መስመር አውጥቷል። እርሳሱ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያን ዓርብ ፈልጎ ጮክ ብሎ አነበበልኝ።

«‹ዓርብ። አሥር ሰዓት፣ ሦስት ከስልሳ። ለአለቃ ደወልኩ፤ ደወሉ ይደወል አልኩ። ከላይ ሳልታዘዝ አላስደውልም አለ። አሥር ተኩል፣ አራት ከአምስት። ደወልኩ፤ አያነሳም። አሥራ አንድ ሰዓት፣ አራት ከሃምሳ። ራሴ ወረድኩ።›»

ሞተሩ መቀመጫ ላይ ቁጭ አልኩ። አልተኛም ነበር። ዓመት ሙሉ ጀርባዬን የሰጠሁት ሰው አልተኛም ነበር።

ቀና ስል መርማሪው ገና ያነባል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም። ከዚያ ቅጠሉን አጠፈው።

«ሌላም አለበት?»

«የምርመራው ክፍል ያለቀው እዚህ ላይ ነው፣ እማማ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይለምን ነበር። እኔ አልለመንኩም።

አለቃው ዳግመኛ ሲያየን መነጽሩን ሳያወልቅ ቀረ። መርማሪው አንድ ሳህን ውሃ አስመጣ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ቅጠሉን በሁለት ጣቱ ይዞ ውሃው ውስጥ ለቀቀው። ቅጠሉ ተንሳፈፈ። ጽሑፉ ወደ ላይ ያያል። ሰውየው አፉን ከፍቶ ጠበቀ፤ የሚጠብቀው እንዲሟሟ ነበር። ጊዜው ሄደ። አልሟሟም።

«ይሄ ማንንም አያስከስስም» አለ በመጨረሻ። «ሰኞ ማታ እኔ አዳራሽ ነበርኩ።»

«ነበሩ። አርባ ምስክር አለዎት» አለ መርማሪው። መዝገቡን ከፈተ። «ሰኞ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ከአርባ። የእርስዎ ጽሕፈት ነው። ቁጥሩን ማን ነገረዎት?»

«ሜትሮ ደውሎ...»

«የት? ቢሮው ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ እርስዎ ኪስ ነበር።»

«ማክሰኞ ጠዋት ከደብተሩ ላይ ገለበጥኩት።»

«ደብተሩ ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። ያን ቁጥር ከእኔ ሌላ የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነው። ውሃው ደግሞ በዚያ ሰዓት ሁለት ከአርባ አልነበረም።»

አለቃው መዝገቡን አየ። ሠላሳ ዓመት አንድ ባዶ መስመር አልተወም፤ ሰው ገድሎ መጥቶም ባዶ መስመር መተው አልሆነለትም። ብዕሩን አንስቶ ክዳኑን ገጠመው። ምን ዋጋ አለው!

«ለኮሚቴው ላሳይ ነው አለኝ» አለ። «ደብተሩን ከሚስማሩ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ገልጦ አሳየኝ። ቀድመህ ራስህ ብትናገር ይሻልሃል ብሎ ነበር የጠራኝ። እንደ ወንድም ነበር የሚያናግረኝ። ስለምነው ‹አልችልም፣ ሰው ሞቷል› ብሎ ወደ ደረጃው ወጣ። ቄጠማ የሚጠርግበት ብረት በሩ ላይ ነበር።»

«ወደየት ነበር የሚሄደው?» አልኩ። የጠየቅኩት እኔ ነኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየ። «አንዲት ሴት ጋ። ‹ኮሚቴው ጮክ ብሎ ሳያነበው እኔ ራሴ ልንገራት፤ ከሰው አፍ መስማት የለባትም› አለ።»

ጀልበኛው በዚያው ቀን ተፈታ። መርማሪው ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ቅጠሉን አምጥቶ መዳፌ ላይ አኖረው። «ላንብብልዎት?» አለኝ።

«አላነበብከውም እንዴ? ይበቃሃል» አልኩት። ክፉ አልነበረም፤ ጉንፋኑ ብቻ አልለቀቀውም።

ቅጠሉን ሳጥኔ ውስጥ አስቀምጬ ፊደል መቁጠር ጀመርኩ። የሚያስቆጥረኝ ጀልበኛው ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ ኮቴው ግን ሌላ ነው። «እትዬ፣ ይቺ ፊደል እግሯ ተሰብሯል» ይለኛል። «እኔስ እግሬ ጤነኛ ነው?» እለዋለሁ። ስምንት ወር ፈጀብኝ። ከዚያ አንድ ጠዋት በሬን ዘግቼ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ፣ እየዳበስኩ አነበብኩት። መርማሪው ዝም ካለበት ቀጥሎ እንዲህ ይላል።

«መጀመሪያ እሷ ቤት ሮጥኩ። አንኳኳሁ፤ መልስ የለም። በሩን ሰብሬ ገባሁ፤ የለችም። ከዚያ ወደ እህቷ ሮጥኩ። ውሃው ቀድሞኛል። ይህን እሷ አትወቅ።»

በሬን የሰበረው ጎርፉ መስሎኝ ነበር።

ያን ዓርብ ቤት ያልነበርኩት ሌሎቹ ሴቶች ወጥተው እኔ ሥራ ቤት ስለቀረሁ ነው። የሜትሮ ደብተር ገና ዓመት ይቀረው ነበር። እኔ ግን ቸኩዬ የሚቀጥለውን እየሰፋሁለት ነበር፤ የሚመጣበትን ምክንያት አስቀድሜ ማዘጋጀት ልማዴ ነው። በሰማያዊ ክር፣ አሥር ሉክ፣ ሃያ ቅጠል። ሳይወስደው ቀረ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት በዚያ ደብተር ላይ ነው፤ በእርሳስ። አሁን ሃያኛው ቅጠል ላይ ደርሻለሁ። አንዳንዱ ገጽ ረጥቧል። ምንም አይሆንም፤ በጨርቅ እጠርገዋለሁ።